እትዬ በይኝ

አንዲት ሴት ነበረች። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ዘርፌ፣ አትቁነጥነጪ። «ፊቴን ወጣት የሚያስመስልልኝ ምን ልቀባ?» ነው ያልሽኝ። ይህችም ሴት ያን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ከኔም ከአንቺም አብልጣ ታውቅ ነበር።

ባሏ የሞተባት በለጋነቷ ነው። ገና የምትድህ አንዲት ሴት ልጅ ቀረቻት። በአገሯ «የእገሌ መበለት» እየተባለች መኖሩ መረራትና ልጇን አዝላ ማንም ወደማያውቃት ከተማ ሄደች። እዚያ ቤት ያከራየቻት ሴት ሕፃኗን አየችና «እህትሽ ናት?» አለቻት። ሴትዮዋ ልዋሽ ብላ አልመጣችም ነበር፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን አቀበላት። «አዎ፣ እህቴ ናት። እናታችን ሞታለች» አለች።

በቃ፣ ከዚህ ወዲያ የመጣው ሁሉ ከዚያች ቃል የወጣ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ?

ሕፃኗ አፏን ስትፈታ «እማ» አለች። ልጅ ሁሉ በዚያ ነው የሚጀምረው። ሴትዮዋ ግን በሩን መለስ አደረገችና «እማ አይባልም። እትዬ በይኝ» አለቻት። ልጅ የነገሩትን ይይዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ አለቻት፤ ስታድግም እህቷ እንደሆነች አምና አደገች።

ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንዳትፈርጂባት። ጥለት እየነገደች ልጇን አብልታ አልብሳ አሳድጋለች። እውነቱንም ልትነግራት ታስብ ነበር። መጀመሪያ «ባል ላግኝና እነግራታለሁ» አለች። ባሉ ሳይመጣ ቀረ። ቀጥሎ «ነፍስ ትወቅና» አለች። ልጅቷ ነፍስ ስታውቅ ደግሞ ሰው ሁሉ «መንታ ነው የምትመስሉት» ይላቸው ጀመር፤ ይህን ስትሰማ ሴትዮዋ የምትሆነውን ታጣለች። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ይጣፍጣል። ማን ይጠላዋል?

ፊቷን እንዴት ትጠብቀው እንደነበር ልንገርሽ፤ ለሱም አይደል የመጣሽው። ማታ ፊቷን ሳትታጠብ አትተኛም። እርድ በማር ለውሳ ትቀባለች፣ ከጓሮዋ እሬት ቆርጣ ውሃውን ፊቷ ላይ ታደርጋለች። ወይባ ትሞቃለች፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጢሱ ላይ ተቀምጣ ስትነሳ ገላዋ ያብረቀርቃል። ያለ ጃንጥላ ፀሐይ ላይ አትወጣም። ኩል ከዓይኗ፣ እንሶስላ ከእጇ አይጠፋም። የከተማው ክሬምና ፓውደር ሲመጣም ቀድማ የለመደችው እሷ ናት፤ ሽበት ብቅ ሲል በቀለም አጠፋችው። ይሠራል፤ አልዋሽሽም። ብቻ ሳቅ ፊት ያጨማድዳል ብሎ የነገራት ማን እንደሆነ እንጃ፣ ከልጇ ጋር ስትጫወት እንኳ ከንፈሯን ገጥማ ነበር የምትስቀው። ይህ ይህ ያሳዝነኛል።

አጥር የሚጋሯቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። ፊታቸው የተጨማደደ፣ እጃቸው የሻከረ፣ ሲስቁ ጥርስ የሌለው ድዳቸው የሚታይ። ልጅቷ ስትወድቅ ወደሳቸው ትሮጣለች፤ ሲያማትም ጭናቸው ላይ ትተኛለች። እሳቸውን «እማማ» ትላቸው ነበር። ቃሉ ቤቱ ውስጥ ማረፊያ ሲያጣ ወደ ጎረቤት ሄደ። ሴትዮዋ ይህን ብትሰማም ምንም አልመሰላትም።

ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ደረሰችና ከሩቅ ቀበሌ ሽማግሌ ተላከ። «እናት የላትም፤ ታላቅ እህቷ ናት ያሳደገቻት» ተባሉ። ሰርጉ ተደገሰ። ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ የወላጆቿን ጉልበት ስማ ትመረቃለች፤ ታውቂዋለሽ። ሽማግሌው ተነሡና «የሙሽሪት እናት ማናት?» አሉ። አንዱ «ሞታለች፣ አባቴ» አላቸው። «እንግዲያው ወንበሩ ባዶ አይሁን። እንደ እናት የሚሆንላት የለም?» አሉ።

ሴትዮዋ ከሚዜዎቹ መካከል ቆማ ነበር። እንደዚያን ዕለት አምራ አታውቅም። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ይህኔ ከጀርባዋ አንዲት እንግዳ ለጓደኛዋ «እህቲቱን እዪልኝ! ከሙሽሪት እኮ ታንሳለች» ስትል ሰማች።

አፏን ገጠመች።

ባልቴቷን ደግፈው አምጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። ልጅቷ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። «ውለጂ ክበጂ፣ እንዳኮራሽኝ ልጅሽ ያኩራሽ» ብለው መረቋት፤ ሁለቱም ተላቀሱ። ሴትዮዋም አለቀሰች። ኩሏ በጉንጯ ላይ ሲወርድ ሚዜዎቹ «እህት አይደለች፣ አንጀቷ ነው» አሉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቤቱ ጭር አለባት። ከዚያ ወዲያ ቀለሙንም ክሬሙንም ተወችው። እርጅናም ስንት ዓመት ደጅ ሲጠና እንደከረመ እንግዳ ዘው ብሎ ገባ። ሽበቷ ወጣ፣ ጉንጯ ረገበ። በዓመቱ ልጅቷ ወለደች የሚል ወሬ ደረሳት። ባልቴቷን ለአራስ ቤት ጠርተው ወስደዋቸዋል፤ የእናት ወግ ነውና። ሴትዮዋ ፊቷን በውሃ ብቻ ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የገንፎ እህል ይዛ ሄደች። «አሁን እነግራታለሁ» አለች።

በሩ ላይ የባልየው እናት አገኘቻት። «ማን ልበል፣ እማማ?»

«እናቷ ነኝ።»

ሴቲቱ በሐዘኔታ አየቻት። «ምን ነካዎት እማማ? የልጄ ሚስት እናቷ የሞተችው በጨቅላነቷ ነው። ያለቻት አንዲት እህት ናት፤ እሷም ገና ወጣት ናት።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሷ እውነት ሲጠራ ግን የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

አራሷ ከውስጥ ድምፁን ለየችና «እትዬ! እትዬ ናት፣ አስገቧት!» ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ገባች። ባልቴቷ ሕፃኑን ታቅፈው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አራሷ ፊቷን ስታይ ደነገጠች። «እትዬ፣ ምን ሆነሻል? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ፊቴ ይኸው ነው» አለች ሴትዮዋ። ከአልጋው ሥር ተንበረከከችና ሁሉንም ነገረቻት።

ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ለሴትዮዋ ግን ቁጣው በተሻላት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። «ታዲያ ጉልበትሽን ለምን አላሳምሽኝም?»

እስቲ ንገሪኝ ዘርፌ፣ «ከኔ ይልቅ ሙሽሪት ታረጃለች ሲሉ ሰምቼ ነው» ይባላል?

ልጅቷ አልጣለቻትም፤ ጥሩ ልጅ ነበረች። ጧሪ ሆነቻት፣ ቀበረቻትም። «እማዬ» ልትላትም ሞከረች፤ ምላሷ ግን እሺ አላላትም። ያልለመዱት ቃል እንደ ሰው ጫማ ነው፣ አይገጥምም። ተመልሳ እትዬ አለቻት። ሴትዮዋ ጆሮዋን እንዳቆመች ሞተች።

እንግዲህ ዘርፌ፣ ይህን የነገርኩሽ ኩሉን ልከለክልሽ አይደለም። ተኳይ፣ ተቀቢ፤ ያምርብሻል። ዕድሜ ግን የሚቀመጠው በሁለት ቦታ ነው፦ በሰው ፊት ላይና በልጁ አፍ ላይ። ከፊትሽ ብታጠፊው ግድ የለኝም። ከልጅሽ አፍ ያጠፋሽው ቀን ግን የጠፋው ዕድሜሽ አይደለም፣ አንቺ ነሽ።

ቅድም ልጅሽ ደጅ ላይ ሆና «ዘርፊዬ» ብላ ስትጠራሽ ሰምቻለሁ። አንቺም ደስ ብሎሽ ወደኔ ዞረሽ «ጓደኛሞች እኮ ነው የምንመስለው» አልሽኝ። እኔ ያን ጊዜ ያቺን ሴት አየኋት።

እሬቱ ከጓሮ አለ፣ የፈለግሽውን ያህል ቆርጠሽ ውሰጂ። መጀመሪያ ግን ውጪና ልጅሽን ጥሪያት። ምላሷ ሳይደርቅ «እማዬ በይኝ» በያት።