ጀርባቸውን የሚያስጌጡ ቤቶች

ክረምቱ ወጥቶ ጥቢ ሲገባ ሌላው አገር ቤቱን ከደጃፉ ጀምሮ ይለቀልቃል፤ የግራርጌ መንደር ሰዎች ግን ከጓሮ ይጀምራሉ። ቤቶቻቸው በጥቁሪት ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው የቆሙ ናቸው። መስቀል ሳይደርስ ይህ የጀርባ ግድግዳ በነጭ አፈር ይለቀለቃል፣ በቀይና በቢጫ አፈር ሐረግ ይሣልበታል፣ ከክዳኑ ጫፍም አደይ አበባ ይንጠለጠልበታል። የፊቱ ግድግዳ ግን ዝናብ እንደላጠው ይቆያል። በመንገዱ የሚያልፍ እንግዳ «ምን ዓይነት ሰነፎች ናቸው» ብሎ ይታዘባል። ግራርጌዎች መታዘቡን ያውቃሉ፤ ደንታም የላቸውም።

ልማዱን ያመጣችው አንጓች የምትባል ሴት ናት ይላሉ ሽማግሌዎቹ። በእርሷ ዘመን፣ እንደሚነገረው፣ ቤት የሚያጌጠው ዙሪያውን ነበር፤ ሐዘን የገባበት ቤት ግን ዓመት እስኪሞላው አፈር አይነካውም። ስለዚህ ከገደሉ ማዶ፣ ሾላ ማዶ ከሚባለው መንደር ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ሞት የገባበትን ቤት በዓይኑ ይለየዋል። ሁለቱ መንደሮች በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው። ጥቁሪት ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሰው አታሻግርም፤ በዚያ ወራት የገባባትን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች።

የአንጓች ባል ይርዳው በነሐሴ አጋማሽ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። አንዲት ልጃቸው ትርንጎ ሾላ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ለመውለድም የቀራት ወር ቢሆን ነው። ትርንጎ የአባቷ ነፍስ ነበረች፤ በዚያ ላይ ያሰበችውን ሳታደርግ የማታድር፣ ነገ የሚባል ነገር የማታውቅ ልጅ ናት። አንጓች ባሏ ተገንዞ ሳያልቅ ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ መርዶው ገደሉን ከተሻገረ ልጅቷ ከነሆዷ ወንዙ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ጥሩምባ እንዳይነፋ ለመነች። መንደሩም ለነፍሰ ጡር ሲባል እሺ አላት፣ ይርዳውም ያለ ጥሩምባ ተቀበረ።

መስከረም ጠብቶ ጎረቤቱ ሁሉ አፈር መቆፈር ሲጀምር ግን አንጓች ልቧ ራደ። ትርንጎ ጧት ጧት ከማዶ አፋፍ ላይ ወጥታ የአባቷን ቤት ትመለከታለች፤ ነጠላዋን ስታውለበልብ ከዚህ ይታያል። ሰዎች አፋቸውን ቢይዙም ግድግዳው ሊያወራ ነው። አንጓች አሰበች፣ አልቅሳም ጨረሰች፣ ከዚያም መቆፈሪያዋን አንሥታ ነጭ አፈር ወዳለበት ወረደች። በማግስቱ ከል ለብሳ፣ ራሷን እንደተላጨች፣ የጓሮዋን ግድግዳ ስትለቀልቅ ታየች።

መንደሩ ታመሰ። «ባሏን ሸኝታ ለሠርግ ታጌጣለች» አሉ ሴቶቹ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ግራዝማች አየነውን ላኩባት። ግራዝማች ወግ አዋቂ ናቸው፤ ለመርዶ ጥሩምባ የሚነፉትም እርሳቸው ነበሩ። ሾላ ማዶ ሚስት አግብቶ ይኖር የነበረው ልጃቸው፣ ከሁለት ክረምት በፊት የእናቱን መርዶ ሰምቶ ሲሮጥ ጥቁሪት ወስዳዋለች።

«አንጓች፣ ይርዳውን የቀበርነው ትናንት አይደለም ወይ?» አሏት። «አርባው ሳይወጣ ቤቱን እንደ ሙሽራ ቤት ትቀቢያለሽ? ሐዘንም እኮ ወግ አለው።»

አንጓች እጇን ከጭቃው አላወጣችም። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! የኔን ሐዘን ማየት የፈለገ በፊት ለፊት ይምጣ። የደጄ ግድግዳ እንደተላጠ ነው፣ ዓመቱ ሳይሞላም አልነካውም። ይኼ ጓሮ ግን የኔ አይደለም፤ የትርንጎ ነው።»

«ቢሆንም አገር ይታዘባል።»

«ይታዘብ። ግራዝማች፣ ያን ክረምት ጥሩምባው ባይነፋ ኖሮ ልጅዎ ዛሬ የት ነበር?»

ይህን ለግራዝማች አየነው ደፍሮ የተናገረ ሰው አልነበረም። አንጓች ራሷ ከአፏ ሲወጣ ደንግጣለች ይባላል፤ ሆኖም ይቅርታ አላለችም፣ ልጇ ከሰው ቅያሜ ትበልጥባታለችና። ግራዝማች ዞረው ገደሉን ተመለከቱ፤ ታች የጥቁሪት ድምፅ ይሰማል። ከዚያም ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ታች ታቹን ብቻ ቀብተሽው ከማዶ ማን ያየዋል? ላዩ አይደርስልሽም። ወዲህ በይ ጭቃውን» አሉ።

ሽማግሌው በርጩማ ላይ ቆመው ሲለቀልቁ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አንጓችን ምን ብሎ ይወቅሳል? ጎረቤቶቿ ቀይ አፈርና አደይ አበባ ይዘውላት መጡ፤ ሐሜተኞቹም ቀድመው ደረሱ ይባላል። በማግስቱ ጧት ከማዶ ነጠላ ተውለበለበ። ሳምንት ሳይሞላው እልልታ ገደሉን ተሻግሮ መጣ፣ ሦስት ጊዜ፤ ሴት ልጅ ተወለደች ማለት ነው። አንጓችም፣ አራሷ ከቤት አትወጣምና፣ ከነከሏ አፋፉ ላይ ወጥታ እልል ብላ መለሰች።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ወንዙ ጎደለ፣ ትርንጎም ሕፃኗን ታቅፋ ተሻገረች። ከገደሉ ስትወጣ መጀመሪያ ያገኘችው ያን ያማረ ጀርባ ነው። «አባዬ! ልጄን አምጥቼልሃለሁ!» እያለች ግድግዳውን ታክካ ወደ ፊት ዞረች። የተላጠውን ግድግዳና የእናቷን የተላጨ ራስ ስታይ ግን ባለችበት ቆመች።

«መቼ?» አለች።

«በነሐሴ።»

«እኔ ከማዶ ስስቅ እርሱ አፈር ገብቶ ነበር? አባቴን ሳላለቅሰው አስቀረሽኝ፣ እማዬ! ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አለች አንጓች። «እርሱን የምታለቅሺው አንቺ ስትኖሪ ነው። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ።» ሕፃኗን ከእጇ ተቀበለቻት። «አሁን አልቅሺው። እንባሽ ሲያልቅ ደግሞ ይኼ የፊቱ ግድግዳ ያንቺ ነው። ዓመት እንደማልነካው ተናግሬያለሁ፤ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አንቺ አይደለሽም።»

ትርንጎ ሦስት ቀን አለቀሰች፣ ሦስቱንም ቀን እናቷን አላናገረችም ይባላል። በአራተኛው ጧት አንጓች ብቅ ስትል ልጅቷን ክንዷ ድረስ ጭቃ ሆና፣ የአባቷን ደጃፍ ስትለቀልቅ አገኘቻት።

ዛሬ ጥቁሪት ላይ ድልድይ ተሠርቷል፣ ስልክም አለ፣ መርዶ የሚጠብቅ ወንዝ የለም። ሆኖም የግራርጌ እናት በጥቢ ጀርባውን አስጊጣ ስትጨርስ እጇን ትታጠባለች፤ የፊቱን የምትለቀልቀው የተዳረችው ልጅ ናት። ልጅ የሌላት እንደሆነ የጎረቤት ልጅ ትመጣላታለች። በድሮው ጊዜ የተላጠ ግድግዳ ሞት የገባበት ቤት ምልክት ነበር። አሁን ግራርጌ ላይ በጥቅምት ፊቱ የተላጠ ቤት ስታይ፣ እዚያ ቤት ልጅ ልትመጣ ነው ማለት ነው።