ዳንቴል ያነቀው ማይክሮዌቭ

ከዚህ ነገር አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬ ከዛሬ አይለፍ! ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ታዘበው የሚባል ሰው አንዲት ሳህን ሾርባ ማሞቅ ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም። ሚስቱን ሽታዬን ቶንሲል ጉሮሮዋን ዘግቶ ድምፅዋን ቀምቷታል፤ ትኩሳቷ ግድግዳውን ያግላል። ኪኒኑ ደግሞ በባዶ ሆድ አይዋጥም። ምድጃው ተቃጥሏል። መብራቱ ጠፍቶ በሁለተኛ ቀኑ መጥቶ፣ ሄድኩ ሄድኩ እያለ ይርገበገባል።

ታዘበው ሾርባውን እስከ ማንኪያው ማይክሮዌቩ ውስጥ ከተተ።

«ብረቱን አውጣልኝ፣ እሳት እተፋለሁ!» አለ ማይክሮዌቩ። አወጣለት። «በሩ ካልተዘጋም አልዞርም!»

በሩን ገፋ። «አልዘጋም፣ ማይክሮዌቩን ያለበሰው ዳንቴል ጫፉ አፌ ውስጥ ነው» አለ በሩ። በሩ ካልተዘጋ ማይክሮዌቩ አይዞር፣ ማይክሮዌቩ ካልዞረ ሾርባው አይሞቅ፣ ሾርባው ካልሞቀ ኪኒኑ አይዋጥ!

ዳንቴሉን ያዘ። «ብትስበኝ ላዬ ላይ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ይከሰከሳል» አለ ዳንቴሉ። ማስቀመጫውም፣ «እማማ ውድነሽ ሳያዙ አልነሳም» አለ። ማስቀመጫው ካልተነሳ ዳንቴሉ አይለቅ፣ ዳንቴሉ ካልለቀቀ በሩ አይዘጋ፣ በሩ ካልተዘጋ ማይክሮዌቩ አይዞር፣ ማይክሮዌቩ ካልዞረ ሾርባው አይሞቅ፣ ሾርባው ካልሞቀ ኪኒኑ አይዋጥ! መብራቱ ብልጭ፣ ድርግም።

እማማ ውድነሽ የሽታዬ እናት ናቸው። ዳንቴሉን በሦስት ክረምት ሠርተውታል፤ ማይክሮዌቩም ከተገዛ ጀምሮ ከዳንቴሉ ሥር የዳቦ ማስቀመጫ ሆኖ ነው የኖረው።

«እማማ፣ አበባውን ላንሳው?»

«ምን ሲደረግ! ጠያቂ ሲመጣ ዕቃው ራቁቱን ይቀበለው? ልጄ በአንደበቷ ትዘዘኝ።»

«ድምፅ የላትም እኮ፣ እማማ!»

«ታዲያ አንተን ማን አፍ አደረገህ?»

አማች ነውና ታዘበው እጁ ታሰረ። ወደ መኝታ ቤት ሮጠ። የሽታዬ ጉሮሮ፣ «ሾርባ ሳልቀምስ አልናገርም» አለ። ጉሮሮው ካልተናገረ እማማ አያዙ፣ እማማ ካላዘዙ ማስቀመጫው አይነሳ፣ ማስቀመጫው ካልተነሳ ዳንቴሉ አይለቅ፣ ዳንቴሉ ካልለቀቀ በሩ አይዘጋ፣ በሩ ካልተዘጋ ማይክሮዌቩ አይዞር፣ ማይክሮዌቩ ካልዞረ ሾርባው አይሞቅ፣ ሾርባው ካልሞቀ ጉሮሮው አይናገር! ታዘበው ጭንቅላቱን ይዞ መሃል ወለል ላይ ቀረ። መብራቱ ድርግም፣ ብልጭ።

ያኔ ሽታዬ ተነሳች። ግድግዳ ይዛ መጥታ ሁለት እጇን ወደ ማስቀመጫው ዘረጋች። ተንገዳገደች።

«አንቺ ልጅ! ልትወድቂ ነው! ተይው፣ ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ! አንተስ ምን ትገተራለህ፣ ደግፋት እንጂ!»

እማማ ማስቀመጫውን አነሱ፣ ማስቀመጫው ዳንቴሉን ለቀቀ፣ ዳንቴሉ ከበሩ ወጣ፣ በሩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፣ ማይክሮዌቩ እም እያለ ዞረ። አንድ ደቂቃ አሙቆ ታዘበው አማሰለው፤ ዳሩ ሲፈላ መሃሉ በረዶ ነበራ። ደግሞ አንድ ደቂቃ፤ ጲጵ! መብራቱም ድርግም አለና ቀረ። ይቅር! ሾርባው ሞቋል፣ ኪኒኑ ተዋጠ። እማማ ልጃቸውን እያጎረሱ ታዘበውን በቆረጣ አዩት። «ዕቃው ራቁቱንም አያስጠላም» አሉ።

ቃሌን አላጥፍም፣ ሁሉም እውነት ነው። የአበባ ማስቀመጫው ብቻ አልተናገረም፤ እሱን እኔ ጨመርኩት። ሌሎቹ ግን ተናግረዋል።