ሞረዱን የያዘችው እንጉዳይ

ሳላበዛ ልንገራችሁ፤ ሳታቋርጡ ስሙኝ።

የውብነህ ቤት የገና ጨዋታ ዱላና ጥንግ ይሠራል። አባት ዱላ ያጎብጣል፣ እናት ዱላውን በቅቤ ታሻለች፣ ልጃቸው እንጉዳይ ከወይራ ጉጥ በዱላ የሚመታውን ድቡልቡል ጥንግ ትቀርጻለች። በሜዳው ልማድ ጥንጉን የሠራ እጅ መጀመሪያ ይወረውረዋል። ዘንድሮ ውብነህ «ሴት ሜዳ አትገባም» ብሎ ከእጇ ነጥቆ ራሱ ወረወረ። ጥንጉ በመጀመሪያው ምት ለሁለት ተሰነጠቀ።

ተጋጣሚዎቹ የማዶ ሰፈር ሰዎች ሳቁ። «ጀምበር ሳትጠልቅ ሌላ አምጡ! አለዚያ ከእንግዲህ የውብነህን ቤት የሚረግጥ ገዢ የለም!»

የውብነህ ሰፈር ተጫዋቾች አለቃ ጥላዬ ወደ ውብነህ ግቢ ሮጠ።

«ጉጥ ሆይ፣ ጥንግ ሁን!»

«መጥረቢያ ካልቀረጸኝ አልሆንም።»

«መጥረቢያ፣ ቅረጽ! ጉጥ ጥንግ አልሆንም አለ።»

«ዶልዱሜያለሁ። ሞረድ ካልሳለኝ አልቀርጽም።»

«ሞረድ፣ ሳል! መጥረቢያ አልቀርጽም አለ፣ ጉጥ ጥንግ አልሆንም አለ።»

«እንጉዳይ ተቀምጣብኛለች። ካልተነሳች አልስልም።»

ጀምበር ዘቀዘቀች።

«እንጉዳይ፣ እህቴ፣ ተነሺ! ሞረድ አልስልም አለ፣ መጥረቢያ አልቀርጽም አለ፣ ጉጥ ጥንግ አልሆንም አለ።»

«የሠራሁትን ራሴ ካልወረወርኩ አልነሳም።»

«ኧረ በማርያም! አለቀልን እኮ!»

«እናቴን ለምናት።»

«እትዬ አስካለ፣ ልጅዎን ይለምኑልኝ! እንጉዳይ አልነሳም አለች፣ ሞረድ አልስልም አለ፣ መጥረቢያ አልቀርጽም አለ፣ ጉጥ ጥንግ አልሆንም አለ።»

«እሰይ ልጄ! ያ ሰውዬ አፉን ካልከፈተ እኔም አልለምናትም።»

ያ ሰውዬ ከሜዳው ተመልሶ፣ የተሰነጠቀውን ጥንግ ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ ውብነህ፣ አንድ ቃል! እትዬ አስካለ አልለምንም አሉ፣ እንጉዳይ አልነሳም አለች፣ ሞረድ አልስልም አለ፣ መጥረቢያ አልቀርጽም አለ፣ ጉጥ ጥንግ አልሆንም አለ።»

ውብነህ ፊቱን አዞረ።

ጀምበር የተራራውን ጫፍ ነካች። ከሜዳው «ወይ ጥንግ፣ ወይ ወደ ቤታችን!» የሚል ጩኸት መጣ።

ውብነህ የተሰነጠቀውን ጥንግ አየ። ልጁን አየ።

«ወርውሪ» አላት።

አባት ተናገረ፣ እናት እልል አለች፣ እንጉዳይ ተነሳች፣ ሞረድ መጥረቢያን ሳለ፣ መጥረቢያ በእጇ ጉጥን ቀረጸ፣ ጉጥ ጥንግ ሆነ። ጀምበር ግማሿ ሲቀር እንጉዳይ ሜዳው መሃል ቆማ ወረወረች።

እኔ ጨረስኩ። ጥንጉ የደረሰበት ይምታው።