ጸጥ ያለውን ሰማይ የሰማው ሰው

አንዲት የተማረች ሴት ነበረች። ስለ እርሷ የምነግርሽ «ስህተቴን ማንም ሳያይ ካቃናሁት፣ አውጥቼ መናገሩ ምን ይጠቅማል?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ይህች ሴት ሐይቅ ዳር ባለ ጣቢያ ሰማይን ታዳምጥ ነበር። ሳተላይቶች የሚልኩትን የሬዲዮ ሞገድ ጣሪያ ላይ በቆመ አንቴና ትቀበላለች። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ስለዚህ ከደመና በጣም ከፍ ብሎ ያለው፣ ፀሐይ ቀን በኤሌክትሪክ የምትሞላው አየር፣ አንዳንድ ቀን ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ይታወካል። ያን ጊዜ በውስጡ የሚያልፈው ሞገድ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። የሴትዮዋ ሥራ ይህን እያየች «ዛሬ ሰማዩ ታውኳል» ወይም «ጸጥ ብሏል» ማለት ነበር።

አንድ ወቅት መሣሪያዋ በየምሽቱ ሁከት ያሳይ ጀመር። ደስ አላት። በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ አቀረበችው፤ ተጨበጨበላት። ዓይነ አፋር ነበረችና አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ነገሩ የገባት ከጭብጨባው በኋላ ነው። እውነተኛ ሁከት አንዱን የሰማይ ክፍል ነክቶ ሌላውን ይተዋል፤ በእርሷ መሣሪያ ግን ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሞገድ ሁሉ እኩል ይርገበገብ ነበር። ጣሪያ ላይ ወጣች። የአንቴናው ገመድ መጋጠሚያ ላልቷል። ሲመሽ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ያወዛውዘዋል። ነፋሱ የሚነሳው ሰማዩ በሚታወክበት ሰዓት ስለሆነ አልጠረጠረችም ነበር። አጥብቃው ወረደች። «ተስተካክሏል፤ በቃ» አለች ለራሷ። ለማንም አልተናገረችም።

ብዙም በማይርቅ ከተማ ሌላ ጣቢያ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበረ። በእነዚያ ምሽቶች የእርሱ መሣሪያ ያሳየው ጸጥታ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ጉባኤ ይህ ተነሳ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሰማይ ለብቻው ነው እንዴ? እዚህ ሲፈላ እዚያ ያንቀላፋል?» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም፤ መሣሪያው ካልተስተካከለ ጣቢያው ይዘጋል አለ።

ሰውየው አልተቆጣም። ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«እህቴ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ። እስቲ መጥተሽ እይልኝ። የቱ ጋ እንደተበላሸ ልደርስበት አልቻልኩም።»

ፊቷ ጋለ። መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነበር። «እመጣለሁ» ብቻ አለች።

ስትሄድ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ተበታትኖ አገኘችው።

«ሁከቱን እንዲሰማ ብዬ ስነካካው ጭራሽ አልሠራ አለ» አላት አቀርቅሮ። «እጄ ነው መሰለኝ። አርጅቻለሁ።»

እርሷ ልታፍርበት በሚገባት ነገር እርሱ ያፍር ነበር። ይህን ማየት አልቻለችም።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ደህና ነበር። የተበላሸው የእኔ ነው። ካወቅሁት ቆይቻለሁ።»

ሰውየው ቀና አለ።

«ታዲያ በእነዚያ ምሽቶች ሰማዩ ጸጥ ብሎ ነበር?»

«ጸጥ ብሎ ነበር።»

«ሰምቼው ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ የፈታታውን እያየ።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው ፊት ቆማ ስህተቷን ተናገረች። ጣቢያው አልተዘጋም። ያ መሣሪያ ግን ዳግም አልሠራም።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደ እርሷ ነሽ። የላላውን አጥብቀሻል፤ ደግ አደረግሽ። ነገር ግን ስህተቱ ካንቺ እጅ ከወጣ ቆይቷል። ካንቺ የተለየ ውጤት ያመጣችው ጓደኛሽ አሁን ቤተ ሙከራ ውስጥ ናት፤ ሳልፍ አይቻታለሁ፤ ደህናውን መሣሪያዋን ልትፈታ ተቀምጣለች። እኔን ሌላ ጥያቄ አትጠይቂኝ። ጨርሳ ሳትፈታው ድረሽላት።