የእማማ ብርቄ የዓይን ጠብታ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። የዛሬው ተረቴ በረት የለውም፤ ኮምፒውተር ነው ያለው። ኧረ አትሳቁ!

እንስሳት ፕሮግራም በሚጽፉበት ዘመን፣ እማማ ብርቄ የሚባሉ አሮጊት አህያ ነበሩ። ዓይናቸው ፈዘዘ። ሐኪሙ ጉሬዛ ጠብታ ሰጣቸውና፣ «በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዓይንዎ ውስጥ ይጨምሩ። ከቀትር በኋላ ከጨመሩት ግን ዓይንዎን ያጠፋዋል» አላቸው። እሳቸው ደግሞ ይረሳሉ። ምን ያድርጉ፣ እርጅና ነው።

በልጅነታቸው እማማ ብርቄ በጀርባቸው ያዘሏቸው ጉንዳን፣ ጦጣና ዶሮ «እኛ እያለን!» ብለው ተነሡ። ሰዓቱ ሲደርስ ስልካቸው ላይ የሚጣራ ፕሮግራም ሊሠሩላቸው ነው። ግን እንዴት ይሠራ? እዚህ ላይ ተጣሉ።

ጉንዳን፣ «መጀመሪያ ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ ይስፈር። ከሁለት ወር በኋላ ጨርሰን እናስረክባለን» አለ።

ጦጣ፣ «የምን ወረቀት! ዝም ብለን እንጻፍ። ዘፈንም እንጨምርበት፣ ጭፈራም እንጨምርበት!» አለ።

ዶሮ፣ «እኔ በቀን አንድ እንቁላል ነው የምጥለው። ትንሿን ሠርተን ነገ ጠዋት እንስጣቸው። የጎደለውን አይተን ከነገ ወዲያ እናርማለን» አለች።

«አሁን ይሄም ሥራ ተብሎ!» ብለው ሳቁባት። ዶሮ በጣም ከፋት፤ እንባዋ መጣ።

«እናንተ ስትከራከሩ የእሳቸው ዓይን ይጠብቃችኋል?» አለች።

ከዚያ ሦስቱም ቁጭ ብለው አብረው ሠሩ።

በማግስቱ በማለዳ ትንሿን ፕሮግራም ስልኩ ላይ ጫኑና ከእማማ ብርቄ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ ዝም። ሁለት ተኩል ሆነ፣ ዝም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አሁንም ዝም። ጠብታውን ራሳቸው ጨመሩላቸው።

ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፦ «እማማ ብርቄ፣ ጠብታዎ!»

«እሺ ልጄ» አሉ እማማ ብርቄ፣ ጠብታውን አንሥተው ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

«ኧረ በሞቴ፣ ይተዉት!» ብላ ዶሮ ከእጃቸው ነጠቀቻቸው።

ጉንዳን ስልኩ ላይ ደነፋ። «አንተ! ሁለት ሰዓት አላልንህም?»

«በእኔ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት አሁን ነው» አለ ስልኩ። «እኔ የማውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ማን ጠየቀኝ?»

ወይ ጉድ! «ጨርሰን አስረክበን ሄደን ቢሆን ኖሮስ? እሳቸው ስልኩ ያላቸውን ሁሉ እሺ ይላሉ እኮ» ብሎ ጉንዳን አለቀሰ። እማማ ብርቄም «አይዞህ፣ ይኸው አላችሁ አይደል» እያሉ አባበሉት።

በነጋታው ሰዓቱን አረሙ። በሦስተኛው ቀን «ጩኸቱ ያስደነግጠኛል» ስላሏቸው ድምፁን አለዘቡት። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ወር አለፈ።

አንድ ቀን ጉንዳን በመንገድ ሲሄድ እማማ ብርቄ ከሩቅ ተጣሩ፦ «ጉንዳንዬ፣ መሃል መንገድ ላይ ነህ እኮ! ዳር ያዝ ልጄ፣ እንዳትረገጥ።»

ጉንዳን ቆመ። ዓይናቸው አይቶታል።

እናንተም ለሰው የሚሆን ነገር ስትሠሩ፣ ትንሿን አስቀድማችሁ ስጡት፤ ሰጥታችሁም አትሂዱ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ።