የደጀኑ መርዶ

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»

ተጠጉ እንጂ። አንተ፣ በሩን ዝጋውና ተቀመጥ፤ ብርድ አታስገባብን። ዛሬ የምነግራችሁ የሚያስቅ አይደለም።

በድሮ ዘመን ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ልጇ አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ባንተይርጋ ይባላል። ባንተይርጋ ወታደር ነበረ። ጢሙ ሳይወጣ ከአገሩ ገዥ ጋር ዘመተና ስምንት ዓመት አገለገለ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ደጀን ነበረ። ጦሩ ሲመለስ ከሁሉ ኋላ ይቀራል። የደከመውን ይደግፋል፣ የቆሰለውን በጀርባው ያዝላል። ሌላው ሲሾም ሲሸለም እሱን ማንም አያየውም፤ ኋላ ነዋ ያለው! ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያም ዘርትሁን የምትባል ልጅ አገባ። ሁለት ጊዜ ፀነሰችና ሁለቱንም ጊዜ አስወረዳት። በሦስተኛው ሆዷ ገፍቶ ሳለ ነጋሪት ተጎሰመ። ባንተይርጋም ጦሩን አነሳና እናቱን፦ «ዘርትሁንን አደራ» ብሏት ሄደ።

አንድ ቀን ይታይሽ ወንዝ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ የልጇ ጓደኛ አጋዠ ብቻውን መጣ። አያትና አቀረቀረ። እሷም እንስራዋን አስቀመጠችና፦
«የት ላይ ነው?» አለችው።
እሱም፦ «መልካው ላይ» አላት። «እኛ እስክንሻገር ጠላቱን ገታልን። ሦስት ቁስለኛ አሻግሮ፣ ለአራተኛው ሲመለስ መቱት።»

ይታይሽ አላለቀሰችም። አፏን በእጇ ያዘችና፦
«ስማኝ አጋዠ። ዘርትሁን እስክትገላገል መርዶው አይነገር። ከደነገጠች ይሄም ይወርድባታል። ለአገሩ ሁሉ ንገር፤ አፉን ይዝጋ» አለችው።

ከዚያም ጭንቅ ሆነ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዘርትሁን ብቻ አታውቅም። ጎረቤት ይመጣል፣ ያያታል፣ ሳይቀመጥ ይወጣል። «ሥራ አለብኝ» ይላል። ምን ሥራ አለበት! ዘርትሁንም፦
«እሜቴ፣ ሰው ለምን ሸሸን?» ትላለች።
ይታይሽም፦ «የአጨዳ ጊዜ ነው፣ ልጄ» ትላለች።

ማልቀስ ሲያምራት «እንጨት ልልቀም» ብላ ጫካ ትገባለች። አልቅሳ ፊቷን ትታጠብና ትመለሳለች። አንድ ማለዳ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ሄዶ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ቤት ገባች። ዘርትሁን አየቻትና ምሰሶውን ያዘች።
«እሜቴ! ማን ሞተ?»
ይታይሽ አለባበሷን አየችው።
«አክስቴ» አለች። «ቆላ ያለችው። አርጅታ ነበረ።»
«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ለቅሶ አንሄድም?»
«እርጉዝ ለቅሶ አይሄድም» አለችና ነጠላውን ከላይዋ አወረደችው።

ዘርትሁን አመነች? አላመነችም? እኔ እንጃ። በዚያው ቀን ምጥ ያዛት።

የጎረቤት ሴቶች መጡና «ማርያም፣ ማርያም» አሉ። ቀኑን ሙሉ አማጠች። ይታይሽ ደጅ ላይ ወዲያ ትላለች፣ ወዲህ ትላለች። «ጌታዬ፣ አንዱን ወሰድክ፤ ይሄን ተውልኝ» ትላለች። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሕፃኑ አለቀሰ። ወንድ ነው።

ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል። ሴቶቹ ተያዩ። ማን እልል ይበል? ዘርትሁን ከመኝታዋ ሆና ትጠብቃለች። ያኔ ይታይሽ ገባችና መሀል ቆመች። እልል አለች። አሁንም እልል አለች። ብቻዋን እስከ ስድስት አደረሰችው። ሰባተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ።

ዘርትሁን ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።
«እሜቴ፣ ባንተይርጋ ነው አይደል?»
«እሱ ነው፣ ልጄ።»
ተቃቅፈው አለቀሱ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መርዶው በወጉ ተነገረ። አጋዠም ቆሞ የጓደኛውን ስምንት ዓመት፣ በጀርባው ያዘላቸውን ሰዎች ስም እየጠራ ተናገረ። ከዚያም የአገሩ ሽማግሌ፦ «ልጁን ምትኩ በሉት» አሉ።

ይታይሽ ከተቀመጠችበት ተነሳች።
«አይባልም!» አለች። «ልጄ ምትክ የለውም። ዛሬ ምትኩ ካላችሁት፣ ነገ ነጋሪት ሲጎሰም በአባትህ ቦታ ቁም ትሉታላችሁ።»

ሽማግሌውም፦ «እንግዲያስ ስሙን አንቺ አውጪለት» አሏት።

እኔም ጨረስኩ። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌ ደርቋልና ከዚያ ንፍሮ አንድ እፍኝ አቀብሉኝ።