ጨዋዋ አህያና የጃርት ቤት ሰነድ

ይህን እንደማታምኑኝ እምላለሁ። ካመናችሁኝ ጥርሴ ይርገፍ፤ የቀረኝም ይኸው አንዱ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ሰው ገና ጭስ እያጨሰ ሲጠራራ፣ እንስሳት ኢሜይል ነበራቸው። ሽቦው የሸረሪት ድር ነው። በድሩ ላይ የምትሮጠው እመት አህያ ናት። ከፍጥነቷ የተነሳ እሷ ዛሬ ትደርስና ጆሮዋ በማግስቱ ይደርሳል።

በዚያ ዘመን እመት ጃርት የምትባል ኩሩ ባለ ቤት ነበረች። ቅድመ አያቷ በቆፈረችው ጉድጓድ የገባ እንግዳ፣ ከጓዳው ብዛት የተነሳ ሸምግሎ ይወጣል። ይህን ቤት አያ ከርከሮ "የእኔ ነው" ብሎ ከሰሳት። ንጉሥ አንበሳም፣ "የቤትሽን ሰነድ ፀሐይ ሳትጠልቅ በኢሜይል ላኪ። አለዚያ ቤቱ የከርከሮ ነው" አሏት። ከርከሮም ዕቃውን ይዞ መጥቶ ደጇ ላይ ተቀመጠ።

ችግሩ፣ አህያ ከፊደል በቀር አትሸከምም። ማኅተም ያለበት ሰነድ ከጫኗት ታናፋና ትጥለዋለች። ስለዚህ አያ ሸረሪት ሰነዱን እንደ ጥጥ ፈልቅቆ፣ አባዝቶ፣ ፊደል አድርጎ ፈተለው። የፈተለበትንም ስልት ባርኔጣ ላይ ጽፎ በአህያ ራስ ላይ ደፋው።

አህያ ሄደች፤ መጣች። የንጉሡ ችሎት ጸሐፊ እመት ጦጣ እንዲህ ብላ መልሳለች፦ "ይህ ምንድን ነው የላክሽው? ጨ ከፐ ተጋብቶ፣ ፐ ከዠ ወልዶ። ላነብ ብሞክር ምላሴ ተቋጠረ።"

ጃርት እሾኋን አቁማ ወደ ሸረሪት ዞረች። "አበላሽተኸዋል።"

"እኔ?" አለ ሸረሪት። "የእኔን ፈትል ዝሆን ተወዛውዞበት አልተበጠሰም።" ደግሞ ፈተለ፤ ደግሞ ባርኔጣውን አህያ ላይ ደፋ።

አህያ ሄደች፤ መጣች። ያው ጨ፣ ያው ፐ።

"እመት ጃርት፣ ጓዳው ጠረግ ጠረግ ይደረግልኝ" አለ ከርከሮ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ጃርት አሁን ጦጣን ጠረጠረች። "ለምን አትፈቺውም?" ብላ ላከችባት።

"በምን ስልት እንደተፈተለ ማን ነገረኝ?" ብላ መለሰች ጦጣ።

"ባርኔጣው ላይ ጽፌያለሁ እኮ" አለ ሸረሪት።

ጃርት አሰበች። ፈታዩ ፈትሏል። ፈቺዋ ልትፈታ ተቀምጣለች። የቀረው መንገዱ ነው።

"እመት አህያ፣ እስቲ ከደጄ ተነስተሽ የምታደርጊውን ንገሪኝ።"

አህያ ደረቷን ነፋች። "እሮጣለሁ። ከንጉሡ በር ስደርስ አቧራዬን አራግፋለሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ውጭ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ገብቼ እጅ እነሳለሁ። እኛ አህዮች ስንባል፣ በትልቅ ሰው ፊት ራሳችንን ሸፍነን አንቆምም።"

ሸረሪት ከድሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"ዛሬ እንዳታወልቂው" አለች ጃርት።

"በንጉሥ ፊት? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?"

"ባርኔጣው የአንቺ አይደለም፤ የጭነቱ ነው። ጭነት ማንነቱን ካልተናገረ፣ ቢደርስም አልደረሰም።"

አህያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈትሉን ለሦስተኛ ጊዜ ተሸክማ፣ ባርኔጣዋን እንደደፋች፣ በኀፍረት ዓይኗን ጨፍና ንጉሡ ፊት ቆመች። ጦጣ ባርኔጣውን አነበበች፤ ፈትሉን ወደኋላ ተረተረችው። ሰነዱ ከነማኅተሙ፣ ከነቅድመ አያቲቱ የእግር አሻራ ወጣ። "ቤቱ የጃርት ነው" የሚለው ፍርድም የአህያ ጆሮ ሳይደርስ ጃርት ደጅ ደረሰ።

ጃርት እሾኋን እንደ ዘውድ ዘርግታ በሯ ላይ ቆመች።

ከርከሮ ዕቃውን እየሰበሰበ አጉተመተመ፦ "በአገሩ አንዲት ጨዋ ብትገኝ፣ እሷንም አባለጋችሁብኝ።"